ከሴቶቹ ክፍል የጠፋው ካርድ

ጥላቸው አጭር ነበር።

ፎቶው ላይ ስድስት ሰዎች ከጥጥ ማሳ ዳር ተሰልፈው ቆመዋል። የስድስቱም ጥላ እግራቸው ስር ተሰብስቦ ቀርቷል። ይህን ያየሁት ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ገና ሳይሞላ፣ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ሰፈር ካለው ቤቴ ደጃፍ ቆሜ ነው። የእኔ ጥላ ግቢውን አቋርጦ የጎረቤቴን አጥር ነክቷል። አንዴ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ፣ አንዴ መሬቱን አየሁ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

በዚያ ፎቶ ምክንያት አንድ ሰው አስሬ ነበር። ሰውየው ሌሊቱን ፖሊስ ጣቢያ አድሯል።

*

ሰኞ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ሱልጣና ሙኒያን እየጎተተች ቢሮዬ ገባች። ሱልጣና ከወሎ መጥታ ዋናው መንገድ ላይ ሆቴል የከፈተች፣ ድምፅዋ ከከባድ መኪና ጥሩምባ የማያንስ ሴት ናት። እሁድ ልጇን ሙጂባን ድራለች። ሙኒያ የሰርጉ ፎቶ አንሺ ነበረች፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፣ ያገለገለ ካሜራ ከገዛች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።

"ሠርኬ፣ ጉድ ሆነናል" አለች ሱልጣና። "ካርዱ ተሰርቋል።"

"የምን ካርድ?"

"የካሜራዋ ነዋ! የሴቶቹ ክፍል ፎቶ ያለበት!"

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። በእነሱ ሰርግ የሴቶቹ ክፍል ወንድ አይገባበትም። ሴቶቹ ሻሻቸውን አውልቀው፣ ፀጉራቸውን ለቀው፣ እንደልባቸው ለብሰው የሚጨፍሩበት ነው። ስልክ ሁሉ በር ላይ በሳፋ ይሰበሰባል። ፎቶ የምታነሳው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ካርዱንም በማግስቱ ከእጇ በቀጥታ ለሙሽራዋ እናት ታስረክባለች። ፎቶ ቤት አይሄድም፣ ኮምፒውተር አይገባም። የትኛው እንደሚታጠብ እናትየው አይታ ትመርጣለች።

"ስንት ሴት ነበረች?" አልኩ።

"ከመቶ በላይ። ልጅሽም አለችበት።"

አለችበት። ልጄ እምነት የሙሽራዋ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት፤ እሁድ ለብሳው የወጣችውን ቀሚስ አይቼ "ውስጥ ለውስጥ ነው" ስላለችኝ ነው ዝም ያልኩት። እኔ እንደሆንኩ ክፉውን ቀድሜ የማስብ ሰው ነኝ። ልጄ አስር ደቂቃ ከዘገየች ባቡር ገጭቷታል እላለሁ። እዚያ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ያቺ ቀሚስ ከአዋሽ እስከ ጅቡቲ በየሾፌሩ ስልክ ስትዞር ታየችኝ።

"እትዬ፣ ማንም እንዳያየው እባክሽ" አለች ሙኒያ። ፎቶዎቹ እንዳይበተኑ ፈርታ መሰለኝ።

*

ከኮንስታብል ሐሰን ጋር ወደ ሙኒያ የኪራይ ክፍል ሄድን። በሩ ላይ ጓጉንቸር አለ፤ ስትወጣ ቆልፋ፣ ስትመለስም ተቆልፎ ነው ያገኘችው። የመስኮቱ የትንኝ መከላከያ ሽቦ አንድ ጎኑ ተቆርጧል። ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ነው። የካርዱ ማስገቢያ ክዳን በወጉ ተዘግቷል። ባትሪው ግድግዳው ላይ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል።

"ካሜራውን ትቶ ካርዱን ብቻ" አለ ሐሰን። "ምን ዓይነት ሌባ ነው?"

"ፎቶዎቹን የፈለገ ሌባ።"

ሐሰን ሽቦውን በጣቱ ነካ። "ኢንስፔክተር፣ ይሄ ወደ ውጭ ነው የታጠፈው።"

"ሲወጣ ነዋ።"

"በምን ገባ ታዲያ?"

"ሐሰን፣ ካሜራውን ፖስታ ውስጥ ክተተው" አልኩት።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር ተከፍቶ ነበር። ሙኒያ የካሜራ ቃላትን እየጻፈች ከጎናቸው ትርጉማቸውን አስፍራለች። ዙም፦ ማቅረብና ማራቅ። ፎከስ፦ ፊት እንዳይደበዝዝ። ሹተር፦ እንደ ዓይን ቆብ የሚከፈትና የሚዘጋ፤ ሲፈጥን የሚጨፍር ሰው ይቆማል፣ ሲዘገይ ይተናል። ፎርማት የሚለው ቃል ግን ትርጉሙ ላይ በእስኪሪብቶ ደጋግማ ከመሰረዟ የተነሳ ወረቀቱ ተቀዶ ነበር። ልጅ እያጠናች ነው አልኩና ገጹን ገለበጥኩት። እኔም በትምህርት ቤት ዘመኔ የተሳሳትኩትን እንደዚያ ነበር የምሰርዘው።

"መቼ ወጣሽ፣ መቼ ተመለስሽ?"

"ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ እነ ሱልጣና ቤት ሄድኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ተመለስኩ።"

"ዛሬ ማን መጥቶ ነበር?"

"ማንም።"

"ማንም?"

መሬት መሬት አየች። "ካሚል ብቻ። ጠዋት። የካሜራ ማቆሚያውን አውሶኝ ነበር፣ ሊወስድ።"

"ካሚል!" አለች ሱልጣና በሩ ላይ ሆና። "አላልኩም? ወላሂ ልቤ ነግሮኝ ነበር! የከተማውን ሰርግ ሁሉ የሚያነሳው እሱ ነበር። ይህቺ ልጅ ከመጣች ወዲህ ሴቶቹ እሷን አሉ።"

ሙኒያ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። እኔ ግን ስም አግኝቼ ነበር፤ ደብተሬን ዘጋሁ። ጠዋት ስንት ሰዓት ብዬ እንኳን አልጠየቅኳትም።

*

ካሚልን ማክሰኞ ጠዋት ፎቶ ቤቱ አገኘሁት። ሽርጡን አገልድሞ የፓስፖርት ፎቶ በመቀስ ይከረክማል። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የልጄን የስምንተኛ ክፍል ፎቶ ያነሳው እሱ ነው።

"ትናንት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት የት ነበርክ?"

"መልካ ወረር። የእርሻ ምርምሩን ሠራተኞች ሳነሳ።"

"ምስክር አለህ?"

"ካሜራዬ አለ።" ከመደርደሪያው አውርዶ አበራውና ፎቶውን አሳየኝ። ስድስት ሰዎች፣ የጥጥ ማሳ። አንድ ቁልፍ ሲጫን ከፎቶው ጎን ቁጥሮች ተደረደሩ። ሰዓቱ 07:10 ይላል። "ይኸው፣ ሰባት ሰዓት ከአስር። ይሄ አይኤስኦ ነው፣ ይሄ ሹተሩ፣ ይሄ የሌንሱ ቀዳዳ። እነዚህን ቁጥሮች እያቸው፣ ብርሃኑ ምን ያህል እንደነበር ይነግሩሻል።"

"አውቃለሁ" አልኩት።

አላውቅም ነበር። ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው ግማሽ ደቂቃ ቢወስድበት ነው። ግን እኔ መርማሪ ነኝ፣ እሱ ተጠርጣሪ ነው፤ ሐሰንም ከኋላዬ ቆሟል። አፈርኩ።

ጣቢያ ስመለስ ፎቶውን ከነቁጥሮቹ ስልኬ ላይ ገልብጬ ነበር። ኮምፒውተር የምትይዘውን ጸሐፊያችንን ጠየቅኳት።

"የካሜራ ሰዓት እንደ ኮምፒውተር ነው" አለችኝ። "በፈረንጅ ነው የሚሞላው። 07:10 ማለት በእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአስር ነው።"

ስለዚህ ካሚል መልካ ወረር የነበረው በጠዋት ነው። ከዚያ አዋሽ ቢበዛ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ይመለሳል። ዋሽቷል።

"ኢንስፔክተር፣ ሰዓቱን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ በእኛው ነው የሞላሁት" አለኝ ጣቢያ ሳመጣው። "በፈረንጅ ምን ሊሠራልኝ? ደግሞ በሁለት ሰዓት ሙኒያ ጋ ነበርኩ፤ እሷን ጠይቂያት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መልካ ወረር ከነበርኩ እንዴት አድርጌ በሁለት ሰዓት እዚህ እደርሳለሁ?"

ይህን አልጻፍኩትም። የተያዘ ሰው ሁሉ የሚያወራው አያጣም ብዬ አለፍኩት።

ፎቶ ቤቱን ለመፈተሽ ትዕዛዝ አወጣሁ። ስንደርስ በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ሚስቱ ሉላ ጋ ነው፣ እሷ ደግሞ ገበያ ናት።

"ሩብ ሰዓት ብንጠብቃት?" አለ ሐሰን።

"በሩብ ሰዓት ውስጥ ካርዱ የትም ይደርሳል።"

ቁልፉን በብረት ሰበርነው። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እያየ መደርደሪያውን፣ መሳቢያውን፣ መብራቱን ሳይቀር አገላበጥን። ምንም አልተገኘም። ስንወጣ በሩን በሽቦ አሰርነው።

ከሰዓት በኋላ ሉላ ለባሏ ምግብ ይዛ ጣቢያ መጣች። ሰላም አላለችኝም። ሳህኑን ለሐሰን ሰጥታ ወደ እኔ ዞረች።

"ሴቶቹን እሸፍናለሁ ብለሽ የእኔን በር ገልጠሽ ሄድሽ" አለችኝ።

ያን ዕለት ሙኒያም ሁለት ጊዜ ጣቢያ መጣች። ሁለቴም ጸሐፊዋ "ምን ፈለግሽ?" ስትላት "ምንም" ብላ ሄደች። ስለ ካርዱ ልትጠይቅ መስሎኝ ነበር። ካሜራዋ ከፖስታው ወጥቶ ሐሰን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ተረኝነት የሚቀያየሩት ፖሊሶች እያነሱ በሌንሱ እርስ በርስ ይተያዩ ነበር። "ፈገግ በል እንጂ! ባትሪ ባይኖረውም ያው ነው!" እኔም ስቄ ነበር።

*

ረቡዕ ጠዋት ጥላውን ካየሁ በኋላ መልካ ወረር ደወልኩ። ፎቶው ላይ መሀል የቆመው ሰው ቢሰጥ ይባላል፤ ለስብሰባ ሰመራ ሄዷል፣ ስልኩ አይመልስም። ስለ ቁጥሮቹም መጠየቅ ነበረብኝ። ሐሰን ሰመራ ውስጥ ለጀማሪ ሴቶች ካሜራ የምታስተምር ፀዲ የምትባል ባለሙያ እንዳለች ነገረኝ። የሙኒያን ካሜራም ለእሷ ለማሳየት በቦርሳዬ ያዝኩ።

ካሚል የታሰረው ማክሰኞ በአራት ሰዓት ነው። ሐሙስ በአራት ሰዓት አርባ ስምንት ሰዓት ይሞላዋል። ፍርድ ቤት ከቀረበ ደግሞ ስሙ በወረቀት ላይ ይቀራል፤ የሴት ፎቶ የሰረቀ ተብሎ የተጻፈበት ሰው ሁለተኛ የማንን ሰርግ ያነሳል? ሚኒባሱ ውስጥ በየፌርማታው ሰዓቴን አያለሁ። ሚሌ ላይ ጎማ ተነፈሰ። አበቃልኝ አልኩ፤ ሾፌሩ ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቀየረው።

ቢሰጥን ሰመራ አጠገብ ሎጊያ፣ ባልደረቦቹ የነገሩኝ ምግብ ቤት ውስጥ አገኘሁት። ከጎን ያለው የጋራዥ መዶሻ ስለማያርፍ እየተጯጯህን ነው ያወራነው።

"ይህ ፎቶ መቼ ተነሳ?"

"ሰኞ።"

"ስንት ሰዓት?"

"ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። ግማሾቹ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን ሰግደው እስኪመለሱ ጠበቅን። እኔ ምሳ አልበላሁም፣ ፀሐይዋ ደግሞ አናቴ ላይ ናት። ፊቴን እይው እስቲ!" ስልኬን ተቀብሎ ወደ እኔ አዞረው። "እህቴ፣ ይሄ ቁርሱን በልቶ የወጣ ሰው ፊት ነው?"

አልነበረም።

እዚያው ሆኜ ለሐሰን ደወልኩ። "ካሚልን ልቀቀው። አለቃችንን እኔ አናግረዋለሁ።"

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልሶ ደወለ። "አልወጣም ብሏል።"

"እንዴት አልወጣም?"

"‘ያስገባችኝ ታውጣኝ’ ነው የሚለው። በሩን ከፍቼለታለሁ። አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።"

*

ፀዲ የምታስተምርበት አዳራሽ ስደርስ ትምህርቱ አላለቀም። ስምንት ሴቶች በሁለት ቬንትሌተር ስር ተቀምጠዋል። ፀዲ አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት፤ በአዳራሹ ሁሉ እየተዘዋወረች ትናገራለች። እኔንም ተማሪ አድርጋ ከኋላ አስቀመጠችኝ።

"ካሜራ የሚጠይቃችሁ ሦስት ነገር ብቻ ነው" ትላለች። "ብርሃኑ በምን ያህል ቀዳዳ ይግባ? ይሄ የሌንሱ ነው። ለምን ያህል ጊዜ ይግባ? ይሄ የሹተሩ ነው። እኔስ ብርሃንን ምን ያህል ልራብ? ይሄ አይኤስኦ ነው። እንደ ዛሬ ጠራራ ፀሐይ ከሆነ መቶ በቂው ነው። ጨለማ ሲሆን ረሃቡን ትጨምሩለታላችሁ፤ ሲበዛ ግን ፎቶው አሸዋ አሸዋ ይላል።"

እጄን አወጣሁ። በአርባ ስድስት ዓመቴ እንደ ተማሪ እጄን አውጥቼ የካሚልን ቁጥሮች አሳየኋት።

"አይኤስኦ መቶ፣ ሹተሩ ፈጣን፣ ቀዳዳው ጠባብ" አለች አየት አድርጋ። "የቀትር ብርሃን ነው። ጥላውንስ አታዪም እንዴ?"

"ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት" አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

"ፎርማትን ደግሞ በቀይ ጻፉት" ቀጠለች ፀዲ። "ካርዱን ባዶ ያደርገዋል። አዲስ ካርድ ስትገዙ ታደርጉታላችሁ፣ ካርዱ ከካሜራው ጋር ይስማማል። ፎቶ ያለበትን ግን ሳትገለብጡ እንዳትነኩት።"

"ካርዱ ቀርፋፋ ሲሆንስ?" አለች አንዷ። "ለእኔ ፎርማት አድርጊው ይፈጥናል ብለውኝ ነበር።"

"እሱ ነው ሰው የሚያጠፋው! ይፈጥናል አዎ። ባዶ ነዋ!"

የተቀደደው የደብተር ገጽ ዓይኔ ላይ መጣ። ወደ ውጭ የታጠፈው ሽቦም መጣ። የተቆለፈው በር፣ በወጉ የተዘጋው ክዳን፣ ጣቢያ መጥታ "ምንም" ያለችው ልጅ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጡ።

ሴቶቹ ሲወጡ በሩን ዘግቼ ካሜራውን ለፀዲ ሰጠኋት። "አንቺ ብቻ ነሽ የምታዪው። የሴቶች ነው። ግን ካርድ የለውም።"

የራሷን ባትሪ አስገብታ አበራችው፤ ክዳኑን ከፈተችው። "ማነው የለውም ያለሽ? ይኸው አለ።"

"የት?"

"ይህ ካሜራ ሁለት ማስገቢያ አለው። ትንሹ ካርድ ወጥቷል። ትልቁ እንዳለ ነው።" በጣቷ ጠቆመችኝ። ጥቁር፣ ጠፍጣፋ ነገር ከጥልቁ ገብቶ ተቀምጧል። እኔ ብሆን የካሜራው አካል ነው ብዬ አልነካውም ነበር። "ያገለገለ ካሜራ ነው፤ ድሮ የነበረው ባለቤት ሁለቱም ላይ አንድ ላይ እንዲጽፍ አድርጎ ሞልቶታል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይቀራል ማለት ነው።"

ፎቶዎቹን ከፈተች። ሙጂባ የሙሽራ ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ወርዶ እየሳቀች ወጣች። ስክሪኑን በመዳፌ ሸፈንኩት።

ሁሉም እዚያ ነበሩ። ሱልጣና፣ እህቶቿ፣ ጎረቤቶቼ፣ ልጄ በዚያ ቀሚስ። ሁለት ቀን ሙሉ ፖሊሶች እያነሱ ሲያስቀምጡት፣ እኔም ስስቅበት፣ ከተማውን ያሸበረው ነገር እዚያው ውስጥ ነበር። ባትሪ ያለው አንድ ሰው ቢጫነው ኖሮ! ያን ሌሊት ሰመራ ያረፍኩበት ሆቴል በሙቀቱ ምክንያት አልጋ ውጭ አውጥተው አስተኙኝ። ካሜራውን በሻርፕ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አድርጌ ተኛሁ፤ ካሚል አሁን ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠ እያሰብኩ።

*

ሐሙስ አዋሽ የደረስኩት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በመጀመሪያ ወደ ሙኒያ ሄድኩ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ አብጧል። ደብተሯን አንስቼ የተቀደደውን ገጽ ገለጥኩላት።

"እዚህ ጋ ምን ነበር የጻፍሽው?"

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"‘ካርዱ እንዲፈጥን’ ነው?"

አንገቷን ደፋች።

"ካሜራውን የገዛሁ ጊዜ ካሚል ነው የነገረኝ" አለች በመጨረሻ። "አዲስ ካርድ ስታስገቢ ፎርማት አድርጊው አለኝ። እኔ ሁልጊዜ የሚደረግ መስሎኝ። ሰኞ ፎቶዎቹን ሳይ ካርዱ ይንቀራፈፋል። ለሱልጣና እንዲህ ሆኖ እንዴት እሰጣታለሁ ብዬ... እትዬ፣ ካሜራው እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ እኮ! እርግጠኛ ነኝ አልኩት።"

"ካርዱ የት አለ?"

"ሽንት ቤት ጣልኩት። ሽቦውን በመቀስ ቆረጥኩ።"

"ለምን ለሱልጣና አልነገርሻትም?"

"ምን ብዬ? የልጅሽን ሰርግ አጠፋሁት ብዬ? ሰርግ እኮ ሁለተኛ አይደገምም። ተሰረቀ ካልኩ ያዝኑልኛል። አጠፋሁ ካልኩ መሳቂያ ነኝ። ያነሳኋቸው መቶ ሴቶች ሁሉ መንገድ ላይ ባዩኝ ቁጥር..." አልጨረሰችውም። "ካሚልን አልከሰስኩትም። ማን መጣ አልሽኝ፣ ነገርኩሽ።"

"ሲታሰርስ?"

"ሁለቴ መጣሁ። ሁለቴም አፌ ተያዘ።"

"ቃሉን ካሚልን ብትጠይቂውስ ኖሮ?"

"አፈርኩ" አለች። "ካሜራ ይዤ ሰርግ ተቀብዬ ይሄ ምን ማለት ነው ልበለው?"

ልቆጣት ነበር የመጣሁት። "አውቃለሁ" ብዬ ለካሚል የመለስኩለት ትዝ ሲለኝ ቁጣዬን ተውኩት።

ካሜራውን ከሻርፑ ፈትቼ ክዳኑን ከፈትኩላት። ትልቁን ካርድ ስታይ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ከአልጋው ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ "አልሃምዱሊላህ" እያለች አለቀሰች። ከዚያ ልቅሶዋ በድንገት ቆመ።

"ካሚል ግን በከንቱ ነው የታሰረው ማለት ነው።"

"አዎ።"

"ታስሪኛለሽ?"

"ቃልሽን ትሰጫለሽ። የውሸት አቤቱታ አቅርበሻል፤ ምን እንደሚሆን ዐቃቤ ሕግ ይወስናል። እኔም የእኔን እጽፋለሁ። አሁን ግን ተነሺ፣ ከእኔ ጋር ትመጫለሽ።"

መንገዳችን ላይ ካርዱን ለሱልጣና በእጇ አስረከብናት። ሙኒያ ሁሉንም ራሷ ተናገረች። ሱልጣና ካርዱን ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችና ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ሰማሁት።

"እኔ ነኝ ካሚል ብዬ የጮህኩት" አለች። "ያ አላህ! ምን ብዬ ፊቱን አያለሁ?"

*

ካሚል አግዳሚው ላይ ነበር። ልብሱ ተጨማድዷል፣ ጢሙ አድጓል። ሲያየኝ ተነሳ፤ እጁን ግን አልዘረጋም።

"ተሳስቻለሁ" አልኩት። "ሰዓቱ አንተ እንዳልከው በእኛ ነበር። ቁጥሮቹንም አላውቃቸውም ነበር፤ አውቃለሁ ብዬህ ነው።"

"ያን ጊዜም ገብቶኛል" አለ ካሚል። "ዓይንሽ ቁጥሮቹ ላይ አልነበረም።"

"ይቅርታ አድርግልኝ።"

"እዚህ ማን ይሰማሻል? እኔን በዋናው መንገድ ነው ያመጣሽኝ፤ ሰው ሁሉ እያየ።"

ስለዚህ በዋናው መንገድ ሄድን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከጎኑ፣ ሙኒያና ሐሰን ከኋላ። መሽቶ መብራት እየበራ ነው፤ ሻይ ቤቶቹ ወንበራቸውን ወደ ውጭ አውጥተዋል። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ አዲስ ጓጉንቸር ገዝቼ በእጄ ይዣለሁ። የሰው ዓይን አንገቴ ላይ ይሰማኛል። ክፉውን አስቀድሜ የማስብ ሰው ነኝ ብያለሁ፤ ይህን ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሉላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እንደዚያ እየተቀመጠች በሽቦ የታሰረ በሯን ስትጠብቅ ነው የከረመችው። የጎረቤት ሰዎች ተሰበሰቡ።

"ካሚል ምንም አልሰረቀም" አልኩ። ድምፄ ስላነሰ ደገምኩት። "ካሚል ምንም አልሰረቀም። በሩን ያሰበርኩት እኔ ነኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

"እኔ ነኝ የዋሸሁት" አለች ሙኒያ ከኋላዬ። "ካርዱን ያጠፋሁት ራሴ ነኝ፤ አልተሰረቀም።"

አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ሉላ ሙኒያን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"ነገ ጠዋት ነይ" አለቻት። "መሬት ላይ የተበተነውን ታነሺያለሽ።"

ሐሰን ሽቦውን በፒንሳ ቆረጠው። ካሚል ገብቶ መብራት አበራ፤ የወዳደቁትን ፎቶዎች ሳይረግጥ እየተሻገረ ካሜራውን ከመደርደሪያው አወረደና ሰዓቱን አየ።

"አሁን ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አንድ ሰዓት ከሃያ" አልኩት።

"የእኔም እንደዚያው ይላል። አልቀይረውም" አለ። ካሜራውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ መብራቱን አጠፋና ወጣ።

ጓጉንቸሩን ከሁለት ቁልፎቹ ጋር ሰጠሁት። አንዱን ቁልፍ ለሉላ፣ ሌላውን ለራሱ አደረገ። በሩን ሳበ፣ ጓጉንቸሩን አስገብቶ ጫነው፤ ከዚያ እንደያዘ ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ ጎተተው።